አንድ ልጅ፣ ሁለት ካርድ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አድማጮቻችን፣ ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ነው። 

በየዓመቱ ኅዳር 22 ቀን የዓለም የኤድስ ቀን ይከበራል። መጋቢት 15 ቀን ደግሞ የዓለም የቲቢ ቀን ነው። ለሁለቱም በየቀናቸው ስብሰባ ይጠራል፣ መፈክር ይሰቀላል፣ እኛም በሬዲዮ እናወራለን። ጤና ጣቢያ ስንሄድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የቲቢ ክፍሉ በአንድ በር ነው፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት የኤአርቲ ክሊኒክ በሌላ በር፤ የሕፃናት ክትትሉ ደግሞ ወዲያ ማዶ። ለሥራ አመቺ ይሆናል። ሁለቱም በሽታዎች አንድ ልጅ ላይ ያረፉ ዕለት ግን ችግር ይመጣል። በአንዱ በር የገባ ልጅ በዚያኛው በር ያለውን ምርመራ ሳያገኝ ይመለሳል። ልጁ አንድ ሆኖ ሳለ ካርዱ ሁለት ይሆንና አንዱ ካርድ ባዶውን ይቀራል።

ዛሬ የምንነጋገረው ቲቢና ኤችአይቪ አንድ ላይ ስላሉባቸው ልጆች ነው። ብዙ ነገር እናነሣለን፤ ከሁሉም ግን ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛው፣ ከሁለቱ አንዱ የተገኘበት ልጅ ለሌላውም ይመርመር። ሁለተኛው፣ የታመመውን ልጅ ፍለጋ ከታመመው አዋቂ ይጀምር።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ በሽታዎቹ ልጁ ዘንድ እንዴት እንደሚደርሱ እንመልከት።

ቲቢ የሚመጣው በዓይን ከማትታይ ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ባክቴሪያዋን ማግኘቱን ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር፤ የቲቢ ቀን በዚያ ዕለት የሚከበረውም ለዚህ ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ ወይም ሲዘፍን ባክቴሪያዋ ከትንፋሹ ጋር ትወጣና አየር ላይ ትንሳፈፋለች። በር ተዘግቶ ብዙ ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ለሰዓታት ትቆያለች። በአገራችን አውቶብስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን፤ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» የማይል ተሳፋሪ የለም። ቤታችንም እንደዚያው ነው። ቲቢን በተመለከተ ግን ወዳጃችን ያ የሚገባው ነፋስ ነው።

ትንሽ ልጅ ቲቢ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከቤት ሰው ነው፤ ከአባት፣ ከእናት፣ ከአያት፣ ከአጎት፣ ከሠራተኛ፣ ወይም ዘወትር ከሚያቅፈው ጎረቤት። ያልፈላ ወተትም የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ወተት አፍልቶ መስጠት ልማድ ይሁንልን።

ኤችአይቪ ደግሞ ለልጅ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከእናት ነው፤ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ለሚሆኑት ይተላለፋል። እናትየዋ መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች፣ ሕፃኑም መከላከያውን ካገኘ ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። በቫይረሱ ተይዘው ሕክምና ካላገኙት ሕፃናት ግን ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱም በሽታዎች ልጁ ጋ የሚደርሱት በአብዛኛው በቅርብ ሰው በኩል ነው። ቲቢ የያዘው ሕፃን ካለ አጠገቡ የሚያስል አዋቂ አለ፣ ወይም በቅርቡ ነበረ። ኤችአይቪ ያለበት ሕፃን ካለ ደግሞ እናቲቱም ሕክምና ትፈልጋለች፤ ታላላቆቹና ታናናሾቹም መመርመር አለባቸው። ለዚህ ነው ፍለጋው ከአዋቂው ይጀምር ያልኩት።

ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት። የቲቢ ባክቴሪያ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። የሰውነት መከላከያ ጠንካራ ከሆነ ባክቴሪያዋን ይዞ ያስቀምጣታል፤ በአመድ እንደተዳፈነ ፍም ሳትጠፋም ሳትነድም ዕድሜ ልክ ልትቀመጥ ትችላለች። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ያንኑ ጠባቂ የሆነውን የመከላከያ ኃይል ነው። ስለዚህ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ በዓለም ላይ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን በመግደልም ቲቢ ቀዳሚውን ቦታ ይዟል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ኤችአይቪ ባይኖርበትም መከላከያው ገና አልጠነከረም። ባክቴሪያዋ በገባች በወራት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ዓመት ሳይሞላ ሊታመም ይችላል፤ ሕመሙም ከሳንባ አልፎ ወደ አንጎል ሽፋን ወይም ወደ መላ ሰውነት ሊዛመት ይችላል። ሕፃንነትና ኤችአይቪ ሲደራረቡ አደጋው ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ ከእነዚህ 1.3 ሚሊዮኑ ልጆች ነበሩ። አገራችን ኢትዮጵያም ድርጅቱ የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው፣ የቲቢና የኤችአይቪ ጥምር ጫናም ከፍተኛ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ናት። ወሬው ስለዚህ የሩቅ አይደለም።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን አጭር ድራማ እናሰማችሁ። ታሪኩ የፈጠራ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ምልልስ በየጤና ጣቢያው ይሰማል። ሲስተሯ ምን ምን እንደምትጠይቅ በጥሞና አዳምጡ።

(የጤና ጣቢያ ግቢ ድምፅ፤ የልጆች ለቅሶ፤ በር ይንኳኳል)

ሲስተር፦ ይግቡ እማማ፤ እዚህ ይቀመጡ። ልጁን ወዲህ ያምጡት። ስንት ዓመቱ ነው?

አያት፦ ለመስከረም ሦስት ይሞላዋል ልጄ። የልጅ ልጄ ነው። እህል እምቢ አለኝ፤ ሰውነቱም ይኸው እንደምታዪው ነው።

ሲስተር፦ ከመቼ ወዲህ ነው?

አያት፦ ከጥምቀት ወዲህ። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠሁት። ትንሽ ሻል ይለውና መልሶ ያተኩሰዋል። ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚያድረው። እንደ ልጅ አይሮጥም፤ እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ ይውላል።

ሲስተር፦ ያስለዋል?

አያት፦ አልፎ አልፎ ነው። ይሄን ያህል አይደለም።

ሲስተር፦ እስቲ ካርዱን ልየው። (ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል) ባለፈው ሲመዘን 10 ኪሎ ከ200 ነበር፤ ዛሬ 9 ኪሎ ከ800። መጨመር ሲገባው ቀንሷል። እማማ፣ ቤት ውስጥ ሳል ያለበት ሰው አለ? ወይ ነበረ?

አያት፦ አጎቱ ነበር። ከሄደበት አገር አሞት መጥቶ እኛው ጋ ከረመ። አሁን መድኃኒቱን ጀምሮ ደህና ሆኗል።

ሲስተር፦ የምን መድኃኒት?

አያት፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) የሳንባ ነው አሉ።

ሲስተር፦ ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚያድረው?

አያት፦ ቤታችን አንድ ክፍል ናት ልጄ፤ ወዴት ይሄዳል?

ሲስተር፦ የልጁ እናትስ?

አያት፦ ዐርፋለች። እሱ ድክ ድክ ሲል።

ሲስተር፦ እግዜር ያጥናዎት እማማ። ምን አሟት ነበር?

አያት፦ እንጃ። ሰው የሚለው አለ፤ እኔ ግን አልጠየቅኋትም።

ሲስተር፦ እሺ እማማ። ለልጁ ሁለት ምርመራ እናደርግለታለን። አንዱ የቲቢ ነው፤ ሌላው የኤችአይቪ። ይፈቅዱልኛል?

አያት፦ ሁለተኛውን ደግሞ ለምን? እሱ ሕፃን አይደለም እንዴ?

ሲስተር፦ ሕፃን ስለሆነ ነዋ እማማ፤ አፍ አውጥቶ አይነግረን። ከሌለበት ተመስገን እንላለን። ካለበትም መድኃኒቱ አለ፤ ዛሬ ነገ ሳንል እናስጀምረዋለን።

አያት፦ እንግዲህ አንቺ እንዳልሽ ይሁን። እመቤቴ ትርዳን።

(ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ሲስተሯ አራት ነገር አጣርታለች፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም አለመጨመር፣ እና ቲቢ ከያዘው ሰው ጋር አብሮ መኖር። ኤችአይቪ ላለበት ልጅ ክትትል በመጣ ቁጥር እነዚህ አራቱ ይጠየቃሉ። ከአራቱ አንዱ እንኳ ካለ ለቲቢ መመርመር አለበት። «ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው ይመርመር» የሚለውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ኤችአይቪ ላለበት ልጅ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ማንኛውም ሳል ይበቃል። ሳል ጭራሽ ባይኖርም የክብደት መለኪያው ብቻውን ብዙ ይናገራል። አንገት ላይ የማይጠፋ፣ የማያምም ንፍፊት ካለም አሳዩ።

ልጁ የማያቋርጥ ትውከት ከያዘው፣ አለወትሮው ከተነጫነጨ ወይም ከደነዘዘ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ወይም ካንቀጠቀጠውና ራሱን ከሳተ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ባክቴሪያዋ አንጎሉ ዘንድ ደርሳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሩጡ።

ምርመራው እንዴት ነው? አዋቂ አክታውን ተፍቶ ይሰጣል። ትንሽ ልጅ ግን አክታውን ይውጠዋል እንጂ አይተፋም። ቀድሞ የነበረው አማራጭ በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራው ፈሳሽ መቅዳት ነበር፤ ለልጁ ሥቃይ፣ ለወላጅም ጭንቀት ነው። አሁን ሌላ መንገድ አለ። የተዋጠው አክታ ተፈጭቶ የሚወጣው በሰገራ ስለሆነ ከልጁ ሰገራ ጥቂት ተወስዶ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ይመረመራል። ማሽኑ የባክቴሪያዋን ዘረ መል ይፈልጋል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደች መሆን አለመሆኗንም ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሰገራ ምርመራውን በይፋ የተቀበለ ሲሆን፣ ናሙናውን ያለ ውስብስብ መሣሪያ ማዘጋጀት የሚያስችለው ቀላል ዘዴም በአገራችን ላቦራቶሪዎች ተሞክሯል። ኤችአይቪ ላለበት ልጅ ደግሞ በሽንት የሚደረግ ፈጣን የቲቢ ምርመራም አለ።

አንድ ነገር ግን እወቁ። በልጅ ሰውነት ውስጥ ባክቴሪያዋ ጥቂት ስለሆነች ማሽኑ «የለም» ቢልም በሽታው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የልጁን ምልክቶች፣ የደረት ራጁንና የቤቱን ታሪክ አገናዝቦ «ሕክምና ይጀምር» ሊላችሁ ይችላል። ያኔ «ምርመራው ነፃ ነው ብሎ የለ፣ ለምን መድኃኒት ይግተዋል?» ብላችሁ አትቆጡ። በትክክል የሠራ ሐኪም ነው።

የኤችአይቪ ምርመራውም በዕድሜ ይለያያል። ልጁ 18 ወር ካለፈው በደም በሚደረግ ፈጣን ምርመራ ውጤቱ ይታወቃል። ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ግን የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ ስለሚቆይ ያ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ገና በስድስት ሳምንቱ ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ተወስዶ ይደርቅና ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል። ያ ውጤት ሲመጣ ሳትወስዱ እንዳትቀሩ። በደቡብ አፍሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ቫይረሱ ያለባቸው ሕፃናት ሳይታመሙ በፊት ገና በሳምንታት ዕድሜያቸው መድኃኒት ሲጀምሩ ሞት በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሕክምናው እንለፍ። የድራማችን ልጅ ሁለቱም ተገኙበት እንበል። የሚጀመረው ከየትኛው ነው?

ከቲቢው ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይከተላል። ቲቢው የአንጎል ሽፋን ላይ ከሆነ ግን ሐኪሙ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል፤ መከላከያው በድንገት ሲነቃ አንጎል ውስጥ እብጠት እንዳያስከትል ነው።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። በኡጋንዳ፣ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ 1,204 ልጆችን ያሳተፈ፣ ኤችአይቪ ያለባቸውንም ያካተተ ጥናት ግን ሕመማቸው ያልከፋ ልጆች በአራት ወርም እንደሚድኑ አረጋግጧል፤ በዚህም መነሻነት እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት እንደነዚህ ላሉ ልጆች አራት ወሩን ፈቅዷል። የእናንተ ልጅ የትኛው እንደሚስማማው የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ልጁ ተነሥቶ መሮጥ ስለጀመረ ብቻ ግን ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም። በየመሀሉ የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይፈጥራልና።

መድኃኒቱም ተሻሽሏል። ቀድሞ የአዋቂ ክኒን በቢላ እየተቆረጠ፣ እየተፈጨ ይሰጥ ነበር፤ መጠኑ የማይታወቅ፣ ምሬቱ የሚያስለቅስ። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለልጆች ተብሎ የተሠራ፣ ሦስት የቲቢ መድኃኒቶችን በአንድ የያዘ፣ ውኃ ውስጥ የሚሟሟና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ክኒን መጥቷል። ስንት ክኒን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በልጁ ኪሎ ነው። ልጁ ሲያገግም ኪሎው ይጨምራል፤ ኪሎው ሲጨምር የክኒኑ ቁጥርም ይለወጣል። በየቀጠሮው ልጁን ራሱን ይዛችሁ ኑ የምንለው ለዚህ ነው፤ ካርዱን ብቻ ለጎረቤት አስይዞ መላክ አይበቃም።

በኤችአይቪ በኩል አሁን ለልጆች በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት ነው። እዚህ ጋ ጆሯችሁን አቅኑ፤ ሁለቱ ካርዶች መነጋገር ያለባቸው እዚህ ነው። የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ጉበት ዶሉቴግራቪርን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰድ የነበረው ዶሉቴግራቪር ቲቢ እየታከመ ባለ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ጠዋትና ማታ። የቲቢው ሕክምና ካለቀ በኋላም ለሁለት ሳምንት በሁለት ጊዜው ይቀጥላል። የቲቢ ክፍሉ ስለ ኤችአይቪው ካላወቀ፣ ኤአርቲ ክሊኒኩም ስለ ቲቢው ካልተነገረው ይህ ማስተካከያ ይዘለላል፤ ልጁ መድኃኒቱን እየዋጠ ቫይረሱ ይባዛበታል። እናንተ አሳዳጊዎች ስለዚህ የትኛውም ክፍል ስትገቡ «ይህ ልጅ ይህንንም ይወስዳል» ብላችሁ ሁለቱንም መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ አውጡ። ማንም ሳይጠይቃችሁ አውጡ።

ከእነዚህ ሌላ ኮትሪሞክሳዞል ይታዘዝለታል፤ የሳንባ ምችና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን ይከላከልለታል። ነርቩን አይኤንኤች ከተባለው የቲቢ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት የሚጠብቅ ቫይታሚን ቢ6 ይሰጠዋል። ክብደቱ በጣም ከወረደ ደግሞ ፕላምፒ ነት የተባለው የሕክምና ምግብ ይጻፍለታል። ፕላምፒ ነት ለዚህ ልጅ መድኃኒት ነው፤ ለቤቱ ልጅ ሁሉ አይከፋፈልም፣ ገበያም አይወጣም። ከዚያ በተረፈ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮና ገንፎ ያለውን ያህል ስጡት። ጾም ገባ ብላችሁ እንቁላሉን አትከልክሉት፤ ታሞ የሚያገግም ሕፃን ጾም አይገደድም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎችን እንመልስ።

«መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ባሰበት፤ ላቁምለት ወይ?» አታቁሙ፤ ወዲያው ግን ወደ ሕክምና መልሱት። የፀረ ኤችአይቪው መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ደክሞ የነበረው የሰውነት መከላከያ ያንሠራራና ባክቴሪያዋን መዋጋት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ትኩሳት ሊመለስ፣ ንፍፊቱ ሊያብጥ ይችላል። ሐኪሙ ያውቀዋል፤ ሕክምናም አለው። ብዙ ቤተሰብ መድኃኒቱን የሚጥለው በዚህ ሰዓት ነውና ተጠንቀቁ።

«ሽንቱ ቀላ፤ ደም ነው ወይ?» አይደለም። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ እንባንና ላብን ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለውጣል፤ ጉዳት የለውም። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ደጋግሞ ካስታወከና ሆዱን ካመመው ግን ጉበቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን አሳዩት።

«የሰጠሁትን ተፋው፤ ድጋሚ ልስጠው?» ወዲያው ከተፋው ወይም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስታወከው ብዙ ጊዜ ይደገማል፤ ለእናንተ ልጅ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ግን መድኃኒቱን ስትቀበሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክኒኑን በንጹሕ ውኃ አሟሙታችሁ ሳታቆዩ አጠጡት፤ ኩባያው ሥር የቀረውንም ውኃ ጨምራችሁ አልቅልቃችሁ ስጡት፤ ከመድኃኒቱ የተወሰነው እዚያ ሊቀር ይችላልና።

«ሲወለድ ክትባት ወስዷል፤ እንዴት ይይዘዋል?» ቢሲጂ የሚባለው፣ ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው ክትባት ሕፃኑን እንደ አንጎል ሽፋን ቲቢ ካሉ ክፉ ዓይነቶች ይጠብቀዋል። የሳንባ ቲቢን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

«ሌሎቹን ልጆች እንዳያስይዝ ዕቃውን እንለይ?» አትለዩ። ቲቢ በሳሕንም በኩባያም አይተላለፍም፤ ኤችአይቪም እንደዚያው። ትንንሽ ልጆች ባክቴሪያቸው ጥቂት ስለሆነና አክታ ስለማይተፉ ቲቢን ለሌላ የሚያስተላልፉት ከስንት አንዴ ነው። ሳሕኑ የተለየበት ልጅ ምን ያህል እንደሚሰማው አስቡት። ከሁሉ በፊት መመርመር ያለበት ልጁን ያስያዘው አዋቂ ነው፤ መከፈት ያለበትም መስኮቱ።

«ጠበል ይሻለዋል ይሉኛል።» ጠበሉም ጸሎቱም፣ ዱዓውም አይከለከልም፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ቢወሰዱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ጠበል ቦታ ስትሄዱ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ።

«ለልጁ እንንገረው ወይ?» አዎ፤ እንደ ዕድሜው። ለአራት ዓመት ልጅ «ይህ መድኃኒት ጠንካራ ያደርግሃል» ማለት ይበቃል። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ሰውነቱ ውስጥ ስላለው ነገር ቀስ በቀስ ይነገረው፤ ወደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ግድም የበሽታውን ስም ከሚወደው ሰው አፍ ይስማ። የኤአርቲ ክሊኒኩ ባለሙያዎች በዚህ ይረዷችኋል። ሳይነገራቸው ያደጉ ልጆች በጉርምስናቸው ከካርድ ላይ አንብበው ወይም ከሰው ሰምተው ይደርሱበታል፤ በንዴትም መድኃኒቱን የሚጥሉ ብዙ ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መከላከሉ ስንመጣ፣ በቤት ውስጥ አንድ አዋቂ የሳንባ ቲቢ እንደተገኘበት የሚቀጥለው ሥራ የቤቱን ልጆች ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ምልክት ያለባቸው ይመረመራሉ። ምልክት የሌለባቸው፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑትና ኤችአይቪ ያለባቸው፣ የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ይጀመርላቸዋል። ዓመት የሞላው ኤችአይቪ ያለበት ልጅ የሚያስል ሰው አጠገቡ ባይኖርም መከላከያው ይገባዋል። በየቀኑ ለስድስት ወር የሚወሰድ አለ፤ ከዚያ የሚያጥርም አለ። የድራማችን አጎት መድኃኒት የጀመረ ዕለት አንድ ሰው «ቤት ውስጥ ልጅ አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ እንዲህ ሳይከፋበት ሊደረስለት ይችል ነበር።

ይህን መጠየቅ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሥራ ብቻ አይደለም። በየቀበሌው ያላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስትዞሩ የቲቢ ታካሚ ካለበት ቤት ልጆቹን ቆጥራችሁ መዝግቡ። እርጉዝ የሆናችሁ እናቶችም በመጀመሪያው ክትትል ተመርመሩ፤ ቫይረሱ ቢገኝባችሁ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀምሩ፤ ጡትም አጥቡ፤ እናትየዋ መድኃኒቷን እስከወሰደች ድረስ ማጥባቱ ለልጁ ይበጀዋል። የቲቢም የኤችአይቪም መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሕፃን ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚደብቁለት አዋቂዎች ናቸው። አጎት «ጉንፋን ነው» ይላል፤ ጎረቤት ሰምቶ ዝም ይላል፤ አያት ሳትጠይቅ ታልፋለች። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት የምትሠሩት የቤት ሥራ እነሆ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ አብረውት ያሉት ልጆች ታይተው እንደሆነ ጠይቁት። የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት ካለችና ምሥጢሯን ለእናንተ ካመነች፣ ልጆቿ በሙሉ መመርመራቸውን ጠይቋት። ልጃችሁ ለቲቢ እየታከመ ከሆነ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ «የኤችአይቪ ምርመራ ተደርጎለታል?» በሉ። ለኤችአይቪ እየታከመ ከሆነም «ለቲቢስ ታይቷል? መከላከያውንስ ወስዷል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በካርዱ ላይ ካልተጻፈ እስኪጻፍ ድረስ ከዚያ አትነሡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ለአቅመ አዳም የደረሱ ወጣቶች ከሕፃናት ክሊኒክ ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ሲዛወሩ ስለሚገጥማቸው ነገር እንነጋገራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)